የአመዶ ጆሮ

መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ባዶ ካርቶን አለ። የቁንጫ መድኃኒት የነበረበት ነው፤ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። ዓመት ሊሞላው ነው። መጣል ነበረብኝ፣ አልጣልኩትም። ፊት ለፊቱ ላይ ምላሱን ያወጣ፣ ደስ የሚል ውሻ ፎቶ አለ። ጎኑን ስታዞሩት፣ ታች ጥግ ላይ፣ የትንሿ ጣቴን ጥፍር የምታህል የድመት ሥዕል አለች፤ በላይዋ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮባታል። እኔ ያቺን ሥዕል ያየኋት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ረፍዶ ነበር።

ስለዚህ ነገር ልጽፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ቤቴ ቁንጫ ገባ ብሎ ማውራት ያሳፍራል፤ ያውም ጥፋቱ የራስ ሲሆን። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ወዳጄ ደወለችልኝ። ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ቆየንና መጨረሻ ላይ «ድመቴን ቁንጫ ፈጃት፣ የውሻው መድኃኒት ተርፎኛል፣ እሱን ትንሽ ጠብ ላደርግላት ነው» አለችኝ። እንዲሁ በቀላሉ። ስልኩን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ያን ቀን እኔም ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነበር። «እንዳትነኪያት!» ብዬ ጮኽኩባት። ደነገጠች። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስጨርስ «ታዲያ ይሄን ለምን አትጽፊውም?» አለችኝ። ልጻፈው።

## ነጭ ካልሲ

ቤታችን ውስጥ ሁለት እንስሳት አሉ። ቡቺ 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ነው። አመዶ ደግሞ ስሙን ከቀለሙ ያገኘ የ4 ኪሎ ድመት ነው። አብረው ነው ያደጉት። አንዱ የሌላው ሆድ ላይ ካልተጋደመ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ይህቺን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ማከክ የጀመረው ቡቺ ነው። ከጭራው ከፍ ብሎ ያለውን ወገቡን በጥርሱ እየነጨ ያካል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አየሁት እንጂ ምንም አላደረግኩም፤ ውሻ መቼም ያካል ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ የልጄ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጣ። ሦስት አራት ሆኖ የተደረደረ፣ ከጉልበት በታች ብቻ። ትንኝ ነው አልኩና አጎበር ሰቀልኩላት።

አንድ ቀን ጠዋት ነጭ ካልሲ አድርጌ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ቆየሁና ቁጭ አልኩ። ካልሲዬ ላይ የእርሳስ ጫፍ የነካው የሚመስል ጥቁር ነጥብ አየሁ። ላራግፈው እጄን ስሰድ ጠፋ። ሌላ አየሁ። እሱም ዘለለ። ሁለቱን እግሮቼን አጠጋግቼ ስቆጥር ሰባት ነበሩ።

እህቴ ጋ ደወልኩ። እሷ ከኔ በፊት እንስሳ ያሳደገች ናት። «አበጥሪውና ከጸጉሩ የሚወጣውን ጥቁር ትቢያ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አድርጊው» አለችኝ። «ተራ ቆሻሻ ከሆነ እንደጠቆረ ይቀራል። የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን ይቀላል፤ የጠጡት ደም ነዋ።» በቅማል ማበጠሪያ የቡቺን ወገብ አበጠርኩት። የወጣውን ትቢያ ሶፍቱ ላይ በተንኩት። ለጥቂት ሰከንድ ምንም አልሆነም። ከዚያ በእያንዳንዷ ቅንጣት ዙሪያ የብረት ዝገት የመሰለ ቀለም እየሰፋ ሄደ። ልጄ በትከሻዬ በኩል አንገቷን አስግጋ «እማዬ፣ የቡቺ ደም ነው?» አለችኝ። ነበር።

አመዶን ሳበጥረው ግን ሁለት ቁንጫ ብቻ አገኘሁ። እሱስ ብዙም የለበትም ብዬ ተጽናናሁ። ተሳስቼ ነበር። ድመት ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲልስ ቁንጫውን እየለቀመ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። የተዋጠው ቁንጫ ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። አንዳንዱ የኮሶ ትል ዘር በሆዱ ይዞ ነው የሚዋጠው፣ ትሉም ድመቱ አንጀት ውስጥ ያድጋል። ከጭራው ሥር ሩዝ የሚያካክሉ ነጫጭ ቁርጥራጮች ካያችሁ እሱ ነው።

ያን ጊዜ ወዲያው ለእንስሳት ሐኪም አልደወልኩም። አሁን ሳስበው የያዘኝ እፍረት ነው። ቤታቸውን አያጸዱም እንዳልባል። ለጎረቤትም አልተናገርኩም፣ ለልጄም ትምህርት ቤት እንዳታወሪ አልኳት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ፤ በራሴ ሲመጣ ግን ደበቅኩ። ቁንጫ እኮ ንጹሕ ቤት ቆሻሻ ቤት ብሎ አይመርጥም። የሚሞቅ ገላና የሚደበቅበት ስንጥቅ ካገኘ ይበቃዋል። ይህን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ በማግስቱ ሁለቱንም ይዤ ሐኪም ቤት እሄድ ነበር። በዚያ ፈንታ ራሴ ልጨርሰው ተነሣሁ።

## ግማሿ ቱቦ

ለቡቺ የገዛሁት ቆዳ ላይ ጠብ የሚደረግ ዓይነት ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ሦስት ትንንሽ የፕላስቲክ ቱቦዎች አሉ። አንዷን ወሰድኩና በትከሻዎቹ መሀል ጸጉሩን ከፍዬ ቆዳው ላይ አንጠባጠብኩለት። ቡቺ ዝም ብሎ ተቀመጠልኝ። ከስንት ሳምንት በኋላ አንድ ነገር የሠራሁ ያህል ተሰማኝ።

ከዚያ አመዶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ አየሁት። ሁለተኛዋን ቱቦ አነሣሁ። ያሰብኩት ይህን ነው፦ መድኃኒቱ ያው የቁንጫ ነው፤ ቁንጫው ያው አንድ ነው፤ አመዶ ግን ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ግማሿን ብቻ። ቆም ብዬ አስቤበታለሁ፣ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያብከነክነኝ። በግዴለሽነት ያደረግኩት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እኔ ግን ሒሳብ ሠርቼ፣ ተጠንቅቄ፣ ቱቦዋን ብርሃን ላይ ይዤ ግማሽ መድረሷን አይቼ ነው ያቆምኩት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ልጄ ውሃ ልትጠጣ ተነሣች። ክፍሌ መጥታ ቀሰቀሰችኝ። «እማዬ፣ የአመዶ ጆሮ ምን ሆኖ ነው?»

ተነሥቼ ሄድኩ። አመዶ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ ጆሮው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ዝንብ እንዳረፈበት ጠብ ጠብ ይላል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ጠብ ጠብ ይላል። ዝንብ የለም። ጎንበስ ብዬ ጀርባውን ዳሰስኩት። ከቆዳው ሥር ነፋስ እንደሚያንቀሳቅሰው ውሃ የሆነ ነገር ይርገበገባል። ስጠራው ቀና አለ፤ ዓይኑ ሁለመናው ጥቁር ሆኗል፤ ቢጫው የት እንደገባ አላውቅም። ከአፉ ለሀጭ ይወርዳል። ወደኔ ሊመጣ ሲነሣ የኋላ እግሮቹ ተንቀጥቅጠው ከዱት፣ በጎኑም ወደቀ።

ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ስልክ ፈልጌ ደወልኩ። ያነሣችው ሐኪም ድምፅዋ የረጋ ነበር።

«ዛሬ ምን ተደረገለት?»

«የቁንጫ መድኃኒት።»

«የድመት ነው የውሻ?»

መልስ አጣሁ። «የውሻ። ግን ግማሽ ብቻ ነው» አልኳት።

«እሺ። ካርቶኑ እጅዎ ላይ አለ? ውስጡ ምን እንዳለ ያንብቡልኝ።» መብራቱ ሥር ወስጄ ሳነብላት ፐርሜትሪን ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። «አሁን ይጠቡት። ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ሙቅ ውሃ አይጠቀሙ፣ ሙቀቱ መድኃኒቱን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ቀዝቃዛም አይሁን፣ ብርዱ ይብስበታል። ምንም በአፉ አይስጡት። ከዚያ በፎጣ ጠቅልለው ቶሎ ይምጡ።» ካርቶኑን ሳስቀምጠው ነው ያቺን የተሰረዘች ድመት ያየኋት።

አመዶ ውሃ አይወድም። ጠብታ ከነካው ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ድመት ነው። ያን ሌሊት ግን የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ሳስቀምጠው ምንም አላለም። አንገቱን ክንዴ ላይ ጥሎ እየተንቀጠቀጠ ዝም አለ። ከመንቀጥቀጡም በላይ ያስፈራኝ ይህ ዝምታው ነው። መድኃኒቱን ያፈሰስኩበት ቦታ ላይ ጸጉሩ በዘይት እንደራሰ ተጣብቆ በነጠላ በነጠላ ቆሟል። ሳሙናውን ደጋግሜ እያሸሁ አጠብኩት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ከጎድኑ ሥር ልቡ ጣቴን ይመታኛል፤ በጣም ፈጣን ነው። ልጄ ፎጣ ይዛ አጠገቤ ቆማ ነበር። አንድም ቃል አልተናገረችም።

ሐኪም ቤት ጡንቻ የሚያላላ መርፌ ተወጋ፣ ጉሉኮስ ተተከለለት፣ ሁለት ሌሊት እዚያ አደረ። ማርከሻ የሚባል ነገር የለውም አለችኝ ሐኪሟ፤ መንቀጥቀጡን እያስታገሡ ሰውነቱ እስኪያስወግደው መጠበቅ ነው። ጠበቅን። በሦስተኛው ቀን በእግሩ ቆሞ በላ።

## የጉበት ነገር

አመዶ ተኝቶ ሳለ ሐኪሟን ጠየቅኳት። ግማሽ ነው የሰጠሁት፣ እንዴት እንዲህ ይሆናል?

«ችግሩ መጠኑ አይደለም፣ ጉበቱ ነው» አለችኝ። ፐርሜትሪን የሚገድለው የነፍሳቱን ነርቭ በማወክ ነው። ነርቭ መልእክት ሲያስተላልፍ የሚከፈትና የሚዘጋ በር አለው፤ ይህ ኬሚካል በሩ እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ነርቩ ማረፍ ያቅተዋል። የአመዶ ጆሮ ያለ ዝንብ ጠብ ጠብ ይል የነበረው ለዚህ ነው። የውሻ ጉበት ኬሚካሉን ቶሎ ሰባብሮ ያስወግደዋል። የድመት ጉበት ይህን የሚሠራበት መንገድ ደካማ ስለሆነ መርዙ ሰውነቱ ውስጥ ይቆያል። ለሰው እከክ በሚቀባው ቅባት ውስጥ ፐርሜትሪን 5 በመቶ ነው። ለውሻ ጠብ በሚደረገው ውስጥ ብዙ ጊዜ ከ40 በመቶ በላይ ነው። እኔ ግማሽ ብዬ የተጠነቀቅኩት ከዚህ ላይ ነው።

ቀጥላ የጠየቀችኝ ጥያቄ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ ነው። «ውሻው አሁን የት ነው? ሌሊት አብረው ይተኛሉ?» አመዶን ባልነካውም ኖሮ ከቡቺ ጀርባ ላይ ሊያገኘው ይችል ነበር። እየላሰው፣ ተደግፎት እየተኛ። ድመትና ውሻ አንድ ቤት ካሉ ፐርሜትሪን ያለበትን ነገር ጭራሽ ቤት አለማስገባት ነው አለችኝ። ሌላ ብዙ አማራጭ አለ።

እዚያ የሐኪም ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ካርቶኑን አላነበብኩም ማለት አልችልም። ኪሎውን አንብቤያለሁ። በየስንት ጊዜው እንደሚደገም አንብቤያለሁ። የፈለግኩትን ነው ያነበብኩት፤ የፈለግኩት ደግሞ ነገሩ በዚያች ሌሊት እንዲያልቅልኝ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ግን ያፈሰስኩት የሚለቀም ዓይነት አልነበረም፤ ቆዳው ውስጥ ገብቷል። እና ጥያቄው እየተመለሰ መጣብኝ፦ ለመሆኑ ቁንጫ በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ነገር ነው?

## ወለሉ ላይ የነበረው

አይደለም። አመዶን ልወስደው ስሄድ ሐኪሟ ወረቀት ላይ ክብ ሠርታ አሳየችኝ። ቁንጫ በገባበት ቤት ውስጥ ካለው መቶ ቁንጫ እኛ የምናየውና የሚዘለው 5 ያህሉ ነው። 50 ያህሉ ገና እንቁላል ነው። 35 ያህሉ እጭ ነው። 10 ያህሉ በድር ተጠቅልሎ የተኛ ነው። ዘጠና አምስቱ እንስሳው ላይ የለም። ምንጣፉ ውስጥ፣ የሶፋው ስፌት ውስጥ፣ የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው። እኔ ስንት ሳምንት ስጣላ የነበረው ከአምስቱ ጋር ነው።

አንዲት እንስት ቁንጫ ደም ከጠጣች በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መጣል ትጀምራለች፤ ቀን በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል። እንቁላሉ የጨው ቅንጣት ይመስላል፣ የሚያጣብቅ ነገር የለውም። ስለዚህ ቡቺ በሄደበት ሁሉ ከጸጉሩ እየተንሸራተተ ይረግፋል፤ በብዛት የሚረግፈው ደግሞ የሚተኛበት ቦታ ላይ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ስለ ትዕግሥት ነበር የማውቀው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሰማው ሳሎኑ ምንጣፍ ነው ትዝ የሚለኝ።

እጩ ብርሃን አይወድም፣ ወደ ምንጣፉ ሥር ይገባል። የሚበላው ምን መሰላችሁ? ያ ሶፍት ላይ የቀላው ጥቁር ትቢያ። ትልልቆቹ ቁንጫዎች የሚጥሉት የደረቀ ደም ከእንቁላሉ ጋር አብሮ ይረግፍና እጮቹን ይመግባል። ይህን ስሰማ ለምን እንደሚበረክቱ ገባኝ።

ከሁሉ የከፋው ግን ድር ውስጥ ያለው ነው። እጩ ሲጠግብ እንደ ሐር ትል በድር ይጠቀለላል። ድሩ ስለሚያጣብቅ አቧራና ጭረት ይለብስና ከወለሉ አይለይም። የሚረጭ መድኃኒት ብዙም ዘልቆ አይደርሰውም። እዚያ ውስጥ ወራት መጠበቅ ይችላል። የሚጠብቀው የእግር ኮቴ ንዝረት፣ የገላ ሙቀት፣ ትንፋሽ ነው። ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። የጓዳውን ክፍል ተርበው ይሙቱ ብዬ ለስድስት ሳምንት ዘግቼው ነበር። ስከፍተው ጸጥ ያለ ነበር። አራት አምስት እርምጃ ገባሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ቀና ብዬ እግሬን ሳየው ካልሲዬ ጠቁሯል። ባዶ ክፍል አልነበረም። የሚጠብቀው ሰው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ ተቀየረ። ሁለቱም እንስሳት በአንድ ቀን ጀመሩ፣ እያንዳንዱ በራሱ መድኃኒት፣ በራሱ ኪሎ። ቡቺ በአፉ የሚወሰድ ክኒን ተሰጠው። ሐኪሟ ከመስጠቷ በፊት «ከዚህ በፊት ጥሎት ያውቃል?» ብላ ጠይቃኛለች፤ ይህ የክኒን ዓይነት አንዳንድ ውሻ ላይ መንፈራገጥ ሊያመጣ እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 አስጠንቅቋል። አመዶ ደግሞ እስኪያገግም ከተጠበቀ በኋላ ለድመት የተሠራ፣ ሴላሜክቲን ያለበት ጠብታ ጀመረ። የኮሶ ትል መድኃኒትም አብሮ ወሰደ።

ቤቱን በየቀኑ በቫኪዩም አጸዳሁ። መሀሉን ሳይሆን ዳር ዳሩን፤ የሶፋውን ትራስ አንሥቼ፣ አልጋ ሥር ገብቼ፣ ግድግዳና ወለል የሚገናኙበትን ጠርዝ ተከትዬ። ቫኪዩም እንቁላሉን ያወጣል፤ ንዝረቱ ደግሞ ድር ውስጥ የተኛውን ሰው መጣ ብሎ እንዲወጣ ያደርገዋል፤ ከወጣ በኋላ ነው መድኃኒት የሚያገኘው። የተሰበሰበውን ወዲያው ከረጢት ውስጥ አስሬ ውጭ እጥላለሁ፤ ማሽኑ ውስጥ ቢያድር እዚያው ይፈለፈላል። ቡቺ የሚተኛበትን ጨርቅ አራግፌ አላነሣም፤ አራቱን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፌ ነው የማነሣው፣ እንቁላሉ እንዳይበተን። በ60 ዲግሪ ውሃ አጥባለሁ። ለወለሉ የተጠቀምኩት የሚረጭ ነገር እንቁላልና እጭ እንዳያድግ የሚያደርግ ፒሪፕሮክሲፌን ያለበት ነው፤ ስረጨው ልጄንም እንስሳቱንም አስወጥቼ፣ እስኪደርቅ ማንም አልገባም። ቤቱ ዓሣ ያለበት ሰው ገንዳውን ሳይሸፍን ምንም እንዳይረጭ፤ የቁንጫ መርዝ ብዙው ዓሣ ይፈጃል።

በዚህ መሀል ምክር የሚሰጠኝ ሰው ብዙ ነበር። ነጭ ሽንኩርት አብይው፤ የሻይ ዛፍ ዘይት ቀቢው፤ ነጭ ጋዝ በጨርቅ አብሽው። ሁሉም በቅንነት ነው የመከሩኝ። ነጭ ሽንኩርት ግን የውሻም የድመትም ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። የሻይ ዛፍ ዘይት ሁለቱንም ይመርዛል። ነጭ ጋዝ ቆዳ ይልጣል፣ ሲልሱት ደግሞ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ተፈጥሯዊ መሆኑ ወይም ሁሉም ቤት መገኘቱ አይደለም ቁም ነገሩ። ጥያቄው ይሄ እንስሳ ይህን ነገር መቋቋም ይችላል ወይ ነው። ገና በሳምንታት ዕድሜ ላይ ያለ ግልገል ድመት ላይማ አብዛኛው መድኃኒትም አይሆንም። ለሱ ማበጠሪያና የሳሙና ውሃ ነው፤ ድዱ ነጣ ካለ ደሙ አልቋልና ሳያድር ሐኪም ጋ ነው።

## የሳሙና ሳህን

አንድ የወደድኩት ነገር አለ። ማታ ማታ ሳሎኑ ወለል ላይ ዝርግ ሳህን አስቀምጣለሁ። ውሃ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ከላዩ ትንሽ መብራት። ቁንጫ ሙቀትና ብርሃን ፍለጋ ይዘልና ውሃው ላይ ያርፋል። ያለ ሳሙና ቢሆን ውሃው ገጽ ላይ ቆሞ ዘሎ ይወጣ ነበር፤ ሳሙናው ያንን ስስ ገጽ ስለሚያፈርሰው ይሰምጣል። ሳህኑ ቁንጫ አያጠፋም፣ ይህን ሐኪሟ አስቀድማ ነግራኛለች። እኔ የተጠቀምኩበት ለመቁጠር ነው። ልጄ ጠዋት ጠዋት ቆጥራ ቀን መቁጠሪያው ላይ ትጽፋለች። ያ ሥራ የሷ ሆነ። አመዶን ያዳነችው እሷ ናት፤ ቁጥሩን መያዝም ይገባታል።

በመጀመሪያው ሳምንት 14፣ 11፣ 9። ደስ አለን። በሦስተኛው ሳምንት 17፣ 22። ቀን መቁጠሪያውን ሳየው እንደዚያች ሌሊት ደሜ ፈላ። ሁሉንም በትክክል አድርገን እንዴት ይጨምራል? እጄ እንደገና ወደ መድኃኒቱ ሊሄድ ሲል ተሰማኝ፤ ለቡቺ አንድ ክኒን ልጨምርለት፣ ወለሉን በላይ በላዩ ልርጨው። ያን ስሜት አውቀዋለሁ። ስልኩን አነሣሁ።

«የሚጠበቅ ነው» አለችኝ ሐኪሟ። «ድር ውስጥ የነበሩት አሁን እየወጡ ነው። እንስሶቹ ላይ ይወጣሉ፣ ይነክሳሉ፣ ይሞታሉ። አዲስ እንቁላል ግን አይጥሉም። ምንም አይጨምሩ። ማጽዳትዎን ብቻ አያቁሙ። መድኃኒቱን ሦስት ወር ሙሉ ሳያዛንፉ ይስጡ።»

ምንም አልጨመርኩም። ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። ማጠብ፣ ማጽዳት፣ መቁጠር ቀላል ነው፤ እጅ ሥራ ይዟል። ቁንጫ እያየሁ፣ ልጄ እግሯን እያከከች፣ መድኃኒቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እያለ አለመንካት ግን ሌላ ነገር ነው። በስምንተኛው ሳምንት ሳህኑ ውስጥ ሁለት ነበሩ። በአሥረኛው አንድ። ከዚያ ልጄ ዜሮ ጻፈች። በማግስቱም ዜሮ። ማቆም ፈለገች፣ አይሆንም አልኳት፤ ሦስቱ ወር እስኪሞላ ጻፍን።

አሁንም እሑድ እሑድ ሁለቱንም አበጥራቸዋለሁ። ቡቺ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይወደዋል፣ ሆዱን ገልብጦ ይሰጠኛል። አመዶ ላይ ስደርስ ቀስ እላለሁ። ትከሻው መሀል መድኃኒቱን ያፈሰስኩበት ቦታ ላይ ጸጉሩ ትንሽ ሳስቶ ነበር፣ አሁን ሞልቷል፤ ጣቴ ግን ቦታውን ያውቀዋል። ዛሬም አበጠርኩት። የወጣውን እርጥብ ሶፍት ላይ አራገፍኩ፣ ልጄ መጥታ አብራኝ ጠበቀች። ሦስት ጥቁር ቅንጣቶች ነበሩ። እንደጠቆሩ ቀሩ፤ አቧራ ነው።

ልጠቀልለው ስል አመዶ ዓይኑን እንደጨፈነ ቀኝ ጆሮውን ጠብ አደረገ። ሁለታችንም ደርቀን ቀረን። ልጄ እጄን ያዘችኝ። አንዲት ዝንብ ከራሱ ላይ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። አመዶ ቡቺ ሆድ ውስጥ ይበልጥ ተወሽቆ ተኛ፣ እኔም ወደ ጭራው አለፍኩ።